ያልታተመው ነጭ

ክሊቭላንድ አቬኑን ይዞ ወደ ሰሜን ለሚነዳ ሰው የመንገዱ ግራና ቀኝ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የሶማሌዎች ነው፤ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሐላል ሥጋ፣ ገንዘብ መላኪያ፣ ፀጉር ቤት። ኮለምበስ የኦሃዮ ዋና ከተማ ብትሆንም አገር ቤት ስሟ የሚነሳው ከዋሽንግተንም ከሎስ አንጀለስም በኋላ ነው። ሰው የሚመጣባት ሥራ ስላለ ነው፤ ሥራው ደግሞ ለብዙዎቹ ዌርሃውስ ነው። ያረፍኩበት የአክስቴ ልጅም ሌሊቱን ካርቶን ሲያወርድና ሲጭን አድሮ ጠዋት ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ቤዝመንት ይወርድና ፎቶ ያትማል።

ፎቶ ማተም እዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ሰፈር መድኃኒት ቤት ገብተህ ከስልክህ ብትልክላቸው፣ የራስ ምታት ኪኒንህን ገዝተህ እስክትጨርስ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ አትመው ይሰጡሃል። እሱ የሚያትመው ግን ሠዓሊ ውሃ ቀለም በሚቀባበት ወፍራም የጥጥ ወረቀት ላይ ነው። «ምን አደከመህ?» ብለው መልስ አልሰጠኝም፤ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው።

አርሽ የሚባለው ፈረንሳይ ውስጥ፣ በቮዥ አውራጃ፣ ከ1492 ጀምሮ ወረቀት ሲሠራ ከኖረ ፋብሪካ የወጣ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ያን ጊዜ እኛ ጋ የነገሡት ዐፄ እስክንድር ነበሩ። የጀርመኑ ሃነሙህለ በ1584 ተቋቋመ፤ ያኔ ደግሞ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ዙፋን ላይ ናቸው። ከጃፓን የመጣው ኮዞ ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ይሠራል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሆኖ ሳለ ቢጎትቱት በቀላሉ አይቀደድም። ጋዜጣ ፀሐይ ሲመታው ቢጫ የሚሆነው ከእንጨት ስለተሠራና እንጨቱ ውስጥ ሊግኒን የሚባል ነገር ስላለ ነው፤ ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

አንዱ የአርሽ ሉክ 22 በ30 ኢንች ነው። ለአራት ሲከፈል 11 በ15 ይሆናል፤ ይህም 13 ኢንች ስፋት በሚቀበል የቤት ፕሪንተር ይገባል። በመቀስ አይቆርጠውም። በብረት ማስመሪያ ተጭኖ ቀስ እያለ ይቀደዋል፤ ዳሩ ክር ክር እያለ ይወጣል። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ፊቱን ደጋግሞ ይጠርገዋል፤ የቀለም መርጫዎቹ ቀዳዳ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ አንዲት የጥጥ ብናኝ ከገባችበት ምስሉ ላይ ነጭ መስመር እያሰመረ ይሄዳል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም ስለሚመዝን ከፊት ካለው መሳቢያ አይገባም፤ ከኋላ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ እየተደገፈ ይጎረሳል። ማሽኑ ጨጓራውን እንደሚያመው ሰው ያልተስማማውን ሁሉ መልሶ ይተፋል።

ያን ቀን የሚያትመው የሴት አያታችንን ፎቶ ነበር። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳች፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ዳርና ዳሯ የተዘነጠለ ፎቶ ናት። የጀርባዋ ማኅተም ስለተፋቀ የማን ስቱዲዮ እንደሆነ አይለይም። አርመኑ ቤድሮስ ቦያጅያን በ1905 አገራችን ገብቶ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከሆነ ወዲህ ሙያውን ልጆቹም ይዘውት ቆይተዋል፤ በቤታችን ደግሞ አሮጌ ፎቶ ሁሉ «ቦያጅያን ያነሳው» መባሉ ልማድ ነው። እኔ አላምንም። አያታችን ለፎቶ ያን ያህል ገንዘብ የምታወጣ ሴት አልነበረችም።

ስካን ተደርጋ ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰፋ ነጠላዋ ጎልቶ ወጣ። ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው ነጠላ ከፎቶው ሲሶውን ይይዛል። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ቀድሞ ያየሁትም እሱን ነው። ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጭ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቀለም ሳይረጭ ያልፋል። ስለዚህ ነጠላው ወረቀቱ ራሱ ነው። ጥጥ በጥጥ! ጎንበስ ብዬ በጎን ሳየው የወረቀቱ ሸካራነት የሽመናውን ቦታ ተክቶ ተቀምጧል፤ ጥላ የወደቀበት እጥፋት ላይ ብቻ ስስ ግራጫ ነጠብጣብ አለ። የመድኃኒት ቤቱ ወረቀት ላይ ያው ነጠላ የላስቲክ ከረጢት ይመስላል።

ነጩም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ወረቀት ብሩህ እንዲመስል ማንጪያ ኬሚካል ይገባበታል፤ መስኮት አጠገብ ሲያዩት ወደ ሰማያዊ ይነጣል፤ ኬሚካሉ ሲደክም ወረቀቱ ወደ ተፈጥሮ መልኩ ይመለሳል። ሌላው ከመነሻው ወተት መሳይ ነው። የአክስቴ ልጅ ወረቀት የሚመርጠው በነጠላ ነው፤ ለጥምቀት ፎቶ ብሩሁን፣ ለአሮጌ ፎቶ ወተት መሳዩን።

ችግሩ ፊት ላይ ነው። ለሠዓሊ የተሠራ ወረቀት ለፕሪንተር የሚሆን ሽፋን የለውም፤ ቀለሙ ላዩ ላይ አይቀመጥም፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ይስፋፋልም። ስለዚህ ጥቁሩ ጠቁሮ አይጠቁርም፤ ወደ ከሰልማ ግራጫ ይሄዳል። ለነጭ ሰው ፊት ይህ ብዙ አይጎዳም። የእኛ መልክ ግን የሚያርፈው ወረቀቱ በሚደክምበት በዚያው ጨለማ ክፍል ነው፤ ጉንጭ ከፀጉር፣ አንገት ከጥላው ይቀላቀላል። ኮምፒውተሩ ላይ የሰመረ ፎቶ ወረቀቱ ላይ አፍንጫ የሌለው ሰው ሆኖ ይወጣል።

ለዚህ ሁለት መላ አለው። አንደኛው ከማተሙ በፊት ጨለማውን ክፍል ኮምፒውተር ላይ ማፍካት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ከመጠን በላይ የፈካ እስኪመስል ድረስ። ሁለተኛው ወረቀቱን በሰፊ ብሩሽ ቀለም የሚይዝ ፈሳሽ ቀብቶ ማሳደር ነው። ፋብሪካ ሽፋኑን ቀብቶ የሚሸጠው የጥጥ ወረቀትም አለ፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው እሱ ይበቃል፣ ጥቁሩም ይሻላል። የአክስቴ ልጅ ግን ያለቀለት ነገር አይወድም።

ደንበኞቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ገንዘብ የሚቀበለው ለወረቀትና ለቀለም ብቻ ነው። አንዲት እናት የወጣትነት ፎቶዋን ልትወስድ መጣች። ወጥ ቤት መብራት ሥር ይዛው ገልበጥ ቀና አደረገችው።

«ልጄ፣ ይኼ አያበራም እኮ።»

«እማማ፣ የጥጥ ወረቀት ነው። ይቆያል።»

«መቆየቱንስ ይቆይ። አስረጀኸኝ እንጂ!»

ከግማሽ በላይ ከእሷ ጋር ነኝ። የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ ሙሽራ በወርቅ ካባ፣ ይኼ ሁሉ ማብራት አለበት፤ ጥጥ ላይ ሲታተም ሰዎቹ ለቅሶ ቤት የዋሉ ይመስላሉ። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ አኮረፈ፤ እራት ላይ ግን ተስማማ፣ ቢያንስ ስለ ካባው።

«ይቆያል» ያለው ግን ባዶ ጉራ አይደለም። ዲጂታል ፎቶን ውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ማተም በሰፊው ከታወቀባቸው ቦታዎች አንዱ እንግሊዝ የተወለደው ዘፋኝ ግራሃም ናሽ በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ የከፈተው ማተሚያ ቤት ነው። አይሪስ የሚባለው ማሽን የተሠራው መጽሔት ከመታተሙ በፊት ናሙና እንዲያወጣ ነበር፤ እነሱ ወፍራም ወረቀት እንዲቀበል አድርገው ለሥነ ጥበብ አዋሉት። የዚያ ዘመን ቀለም ግን ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ስለነበር ብርሃን ቶሎ ያደበዝዘው ነበር። ኤፕሰን በ2000 ፒግመንት፣ ማለትም የማይሟሟ የደቀቀ ቀለም፣ የሚጠቀም የቤት ፎቶ ፕሪንተር ካወጣ ወዲህ ነው በቤዝመንት የታተመ ፎቶ ለልጅ ልጅ ይደርሳል ብሎ መናገር የተቻለው።

ክረምቱ፣ የእነሱ ክረምት ማለቴ ነው፣ ሌላ ፈተና አለው። ማሞቂያው የቤቱን አየር ያደርቀዋል፤ ወረቀቱ ይቆለመማል፣ ቀለሙም መርጫው ቀዳዳ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ከፕሪንተሩ ጎን እንፋሎት የሚተፋ ዕቃ ሌት ተቀን ይንፈቀፈቃል። ባለቤቱ «ለልጆቹ ጉንፋን የገዛሁት ነበር» ትላለች።

ወረቀት ከዚህ አገር ጋር ያለው ዝምድና ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ አገኘሁት። ኮለምበስ የተወለደችው ሠዓሊ አሚናህ ብሬንዳ ሊን ሮቢንሰን በልጅነቷ ወረቀት መሥራትና መጽሐፍ መጠረዝ የተማረችው ከአባቷ ነው፤ በ2015 ስታርፍ ቤቷንና ሥራዎቿን ለከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየም አወረሰች። ከኮለምበስ በ23 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ በወረቀት ፋብሪካዋ ስትታወቅ የኖረችው ቺሊኮቲ አለች። ስለ ወረቀት ታሪክ በአሜሪካ ስሙ የሚቀድመው ዳርድ ሃንተር ከ1919 ጀምሮ የኖረው፣ በ1966ም ያረፈው እዚያ ነው። ይህ ሰው በ1910ዎቹ ወረቀቱንም፣ የፊደል ቅርጹንም፣ ሕትመቱንም ብቻውን በእጁ የሠራቸው መጻሕፍት ስላሉ ፈረንጆቹ እስከ ዛሬ ይደነቁበታል። ይደነቁ። የእኛ ቁም ጸሐፊ ቆዳውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ መጽሐፉን ሲጽፍ ማንም ተደንቆ አያውቅም፤ የሚጠየቀው መቼ እንደሚጨርስ ብቻ ነው።

ይህን ባላነሳ ይሻለኝ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ዓይኑ በራ። «ብራና ላክልኝ» አለ።

አስረዳሁት። የፍየል ቆዳ ታጥቦ፣ መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ቢደርቅም ቆዳነቱን አይረሳም፤ እርጥበት ሲያገኝ ይነሳል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የፀጉሩ ወገንና የሥጋው ወገን ቀለም የሚቀበሉት ለየብቻ ነው። ቀጥ ብሎ በማይተኛ ነገር ላይ ደግሞ የማሽኑ ራስ እየተፋተገ ይሄዳል። ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል ቱሪስት ሲገዛ አይቻለሁ፤ ያንን ከሆነ የፈለግኸው እኔ አላደርገውም፣ የቅርስ ሌብነት ነው፣ አልኩት። አዲስ የተፋቀ ግን ጎጃምም ጎንደርም የሚሠሩ አሉ።

«አዲሱን ነው የምለው» አለ፣ የፕሪንተሩን የኋላ መክፈቻ በማስመሪያ እየለካ። «ስስ የሆነውን፣ የግልገል። ለአያታችን።»

«እልክልሃለሁ። ማሽኑ ከተሰበረ ግን ለሚስትህ ስሜን እንዳትጠራ።»