ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ቴዎድሮስ አደባባይን በእግር ለማየት ጠዋት ይሻላል። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደው ዳገት እንደ እኔ ስልሳን ላለፈ ሰው አይመችም። ባለፈው ሳምንት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተኙ የድሮ ጎረቤቴን ልጠይቅ ስሄድ ከፒያሳ ቁልቁል ወረድኩ። የቸርችል ጎዳና የእግረኛ መንገድ ከታደሰ ወዲህ ሰፍቷል፤ እንደ ድሮው የተከፈተ ቱቦ እየዘለልኩ አልሄድኩም። አደባባዩ ጋ ስደርስ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሴባስቶፖል ትይዩ ቆም አልኩ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን መድፍ ያውቀዋል። እዚህ ያለው አምሳያው ነው፤ ዋናው ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ይህ መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል ይባላል። እሱን መቅደላ ለማድረስ አፄ ቴዎድሮስ ገደል እያስናዱ መንገድ አስጠረጉ፤ ራሳቸውም ድንጋይ እየተሸከሙ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደነበር ይነገራል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ድካም አላዳናቸውም። የጋፋት ሥራም ከእሳቸው በኋላ አልቀጠለም።

እኔ ነርስ ነኝ እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እዚህ በቆምኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ነገር ተደክሞበት ከተሠራ በኋላ ማን ይይዘዋል?

ከዓመታት በፊት ከአደባባዩ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ሰፈሩ ውስጥ ስድስት ክፍል ያለው የጋራ ሽንት ቤት ተሠራ። ግድግዳው ሴራሚክ፣ በሩ ብረት ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ እኛም አጨበጨብን። ቁልፉ አንድ ቢሮ ተቀመጠ። ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ተዛወረ። ጉድጓዱ ሲሞላ የመምጠጫ መኪናውን ማን ይክፈል የሚለው ሳይታወቅ ወራት አለፉ። ዓመት ሳይሞላው በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ።

ከዚያ ሁለት አጥር አልፎ አሥራ አራት አባወራ የሚኖርበት ግቢ ነበር። የእነሱ ሽንት ቤት ቆርቆሮና እንጨት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የየራሱ ቁልፍ ነበረው፤ የሚያጥቡበት ተራ በካርቶን ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር ያዋጣሉ። ገንዘብ ያዧ፣ ዛሬ ልጠይቃቸው የምሄደው እትዬ ነበሩ። ጉድጓዱ ሲሞላ መኪናው በዚያው ሳምንት ይመጣል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እሞላ ነበር። ቅጹ የሚጠይቀው ስንት ሽንት ቤት እንደተሠራ ነው። እኔም የተቆለፈውን ሽንት ቤት ቆጥሬ አስገባሁ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሜ። የሰፈሩ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ሲስተር፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ይለኛል። «እጠይቃለሁ» ብዬ አልፋለሁ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አተት ሲገባ፣ ከዚያ በር ፊት ለፊት ከሚኖሩ ቤቶች የመጣች አንዲት ሕፃን በእጄ ግሉኮስ ተክዬላታለሁ። ልጅቷ ዳነች። በሽታው ከዚያ መጣ ማለት አልችልም። ያን ሌሊት ግን ያ ጓጉንቸር ከዓይኔ አልጠፋም።

በሀገራችን ተሠርቶ የሰመረ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። እኔ ከማውቀው አንዱን ልጥቀስ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ አደረገ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አብዛኞቹም የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። አንድ ዓመት ሠልጥነው የመንግሥት ደመወዝ ተቆረጠላቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። የሚሠሩባት ጤና ኬላ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ክፍል ያላት ትንሽ ቤት ናት። ጥንካሬው ያለው ከቤቱ ይልቅ ሠራተኛዋ ላይ ነበር። ሰው በስሟ ያውቃታል፤ እናቷንም ያውቃል። ቤት ለቤት ሄዳ ክትባት ያልጨረሰውን ልጅ ትጠይቃለች፤ ሽንት ቤት ግን አትቆፍርም፤ ባለቤቱ ራሱ እንዲቆፍር ታግባባዋለች። ራሱ የቆፈረውን ሰው ቆልፎ አይሄድም።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 59 ወረደ። ይህ የእነዚያ ሴቶች ሥራ ብቻ አይደለም፤ አዳዲስ ክትባቶች፣ መንገድና የእናቶች ትምህርትም አሉበት። ክትባቱን እስከ ጎጆው ያደረሰው ግን የተመደበ ሰው መኖሩ ነው። ወደ ከተማ ሲመጣም በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶች ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ገቡበት።

ሐሳቡም ድንገት የመጣ አይደለም። ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን አብሮ ያሠለጥን ነበር። ቤቱን የሚይዘው ሰው ቤቱ ሳይከፈት ይዘጋጃል ማለት ነው።

ይህ ሲጎድል የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፒያሳ በምድር ውስጥ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው በይፋ ተነገረ። በአፍሪካ ገጠሮችም ከተተከሉት የእጅ የውኃ ፓምፖች አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንደማይሠሩ የውኃ ባለሙያዎች ገምተው ያውቃሉ። የጤና ኤክስቴንሽኑም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ኬላው መድኃኒት ካጣ፣ ሠራተኛዋም ሥራ እየተጨመረባት ደመወዟ ካልበቃት እሷም ትለቃለች።

ከአደባባዩ ተነሥቼ ስወርድ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ካሉት የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ንጹሕ ነው። ጓንት ያደረገች ወጣት ወለሉን ትወለውላለች። አመል አይለቅምና ጠየቅኳት፦ «ደመወዝሽ በጊዜ ይደርስሻል? ውኃ ሲጠፋ ለማን ትደውያለሽ?»

ሳቀችብኝ። «ማዘር፣ ከክፍለ ከተማ ነው የመጡት?» አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የምትደውልለትን የጥገና ሠራተኛ ቁጥር አሳየችኝ። ደስ አለኝ። ከአሥር ዓመት በኋላም ይህ በር ክፍት ከሆነ ምክንያቱ ያ የስልክ ቁጥር እንጂ ሴራሚኩ አይሆንም።

ጥቁር አንበሳ ስደርስ እትዬ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢው ሰፈሮች ለልማት ሲነሡ ያ ግቢም ፈርሷል። አሥራ አራቱ አባወራዎች ተበትነዋል፤ እሳቸውም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፤ መጸዳጃውም ውስጥ ነው። ለቀስተኛው ግን ሩቅ ሆኗል፤ ዕድሩም ተከፋፍሏል።

«እንዴት ነው ቤቱ?» አልኳቸው።

«ጥሩ ነው ሲስተርዬ። ውኃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ከተቃጠለ ግን ሁለት ወሩ። ሁሉም ‹መንግሥት ይሥራው› ይላል፤ አንዱ ካንዱ አይተዋወቅም።»

ከዚያ ትራሱ ሥር እጃቸውን ሰደው አንድ የተጣጠፈ ደብተር አወጡ። የብሎኩ ቤቶች ቁጥር በተራ ተጽፏል፤ ከአጠገቡ ስምና የተከፈለው ብር። ከመታመማቸው በፊት በር እያንኳኩ የሰበሰቡት ነው።

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ቤቶች ብቻ ቀርተዋል» አሉኝ። «እኔ እስክወጣ አንቺ አናግሪልኝ፤ አንቺ እንኳ የሰው ቤት ማንኳኳት ልምድሽ ነው።»

ደብተሩን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።