ሊሳዴል ከጨረታው በፊት

ስላይጎ የኖራችሁ፣ ወይም በክረምታችን ወራት፣ እዚያ በጋ ሲሆን፣ ወደ አየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ወረድ ያላችሁ ታስታውሱት ይሆናል፤ ቤን ቡልበን ተራራን ከኋላው፣ የድራምክሊፍን ባሕር ከፊቱ አድርጎ የቆመውን ያን ግራጫ የድንጋይ ቤት፣ ሊሳዴልን። በ1830ዎቹ ፍራንሲስ ጉድዊን ለሰር ሮበርት ጎር-ቡዝ ሲነድፈው የጥንት ግሪኮችን ተከትሎ ከውጭ ጌጥ ነፍጎታል፤ ውስጡ ግን፣ ያኔ እኔ በማውቀው ጊዜ፣ አሮጌ መጽሐፍና እርጥብ እንጨት እንጨት ይሸት ነበር፤ የጥቁሩ እብነ በረድ ደረጃ ቅዝቃዜ በጫማ አልፎ ይሰማል፣ በረዥሙ አዳራሽ ከጣሪያው መስታወት የሚወርደው ብርሃን አቧራውን ያንሳፍፈዋል፣ ከሰሜን ዋልታ አደን የመጣው ድብም በቦታው ቆሟል።

ከሁሉ የምወደው የመመገቢያ ክፍሉን ነበር። የቤቱ ልጅ የኮንስታንስ ባል፣ ፖላንዳዊው ሠዓሊ ካሲሚር ማርኪየቪች፣ አሳላፊውንና የአደን ጠባቂውን በምሰሶዎቹ ላይ በሙሉ ቁመታቸው ሥሏቸዋል። ሎሌዎች በእንግዳ ዓይን እንዳይታዩ በመሬት ውስጥ መተላለፊያ በሚገቡበት ቤት፣ የጌቶች አያት በሚሰቀልበት ቦታ እነሱ ቆመው ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ጭሰኛና ባለርስት መባባልን ከነቁስሉ ለምናውቅ ለእኛ፣ እነዚህ ቤቶች በማን ላብ እንደቆሙ አይጠፋንም። ከ1903ቱ የመሬት ሕግ በኋላ መሬቱ ወደ ገበሬው ሲዞር የቤቶቹ ገቢ ደረቀ፤ በ1920 እና በ1923 መካከል ብዙዎቹ ተቃጠሉ፣ ሌሎቹም ግብር ለመሸሽ ጣሪያቸው ተነሣ። ኮንስታንስ ራሷ በ1916 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ከተነሡት አማፂያን ጋር ጠመንጃ አንሥታለች። ስለዚህ የሚናፍቀኝ ጌትነቱ አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ዕቃውን ባኖረበት ሳያነሣው ትውልድ ማለፉ ነው እንጂ።

በ2003 ቤተሰቡ ቤቱን ሸጠ፤ በዚያው ዓመት ዕቃውም በጨረታ ተበተነ። አዲሶቹ ባለቤቶች ከዕቃው የቻሉትን ገዝተው አስቀሩ፣ ቤቱንም በፍቅር አድሰው ለጎብኚ ከፈቱት፤ አመሰግናቸዋለሁ። ያ የመጽሐፍና የእርጥብ እንጨት ሽታ ግን ከዕድሳቱ ጋር ሄደ፤ መሄዱም ግድ ነበር። የካሲሚር ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ስለሆኑ ጨረታው አልነካቸውም፤ የሄዳችሁ እንደሆነ አሳላፊውን ሰላም በሉልኝ።