ለፋብሪካው ግብር ተነሣለት፤ የልጅቷን የቤት ኪራይ ማን ይክፈል?



እኛ ገለምሶ ውስጥ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጉ ብንባል ብዙ በር ማንኳኳት አለብን። አንዷ ሪያድ ናት፣ አንዷ ጂዳ። ሌላዋ በኦቦክ በኩል በተሐሪብ ባሕር ተሻግራ የመን ላይ ድምጿ ጠፍቷል። ኅዳር 2006 ሳዑዲ ወገኖቻችንን ማባረር ስትጀምር ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ብዙዎቹ ግን ትንሽ ቆይተው እንደገና ሄዱ። «አትሂዱ» ማለት ቀላል ነው፤ እኛም ብለናል። ዛሬ ማንሣት የፈለግነው፣ እዚሁ አገር ውስጥ ለሥራ መሄድ ለምን ዐረብ አገር ከመሄድ እንደሚከብድ ነው።

ሐምሌ 2008 የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፣ መስከረም 2011 የአዳማው። ድሬዳዋም ፓርክ አላት፤ ከነሐሴ 2014 ወዲህ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል። ወደነዚህ የሚገባ ኩባንያ ለዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ይሆናል፣ ማሽኑን ያለ ቀረጥ ያስገባል፣ የተሠራ ሼድ ይከራያል። ሐዋሳ ላይማ መንግሥት ልጆቹን ከየወረዳው መዝግቦና ፈትኖ ለኩባንያዎቹ ያቀርብ ነበር። ሠራተኛ መፈለግ እንኳ ከፋብሪካው ላይ ተነሥቶለታል ማለት ነው።

ልጅቷስ? ግንቦት 2011 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የሐዋሳ ፋብሪካዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ላይ ቤት ትከራያለች። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነው ያድራሉ፤ ማታ ከሥራ ሲወጡ ጨለማ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢጠቅስም መጠኑን አልወሰነም።

አሁን የውጭውን ሕግ እዩት። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 የቪዛውን ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱንም በአሠሪው ላይ ይጥላል። ልጅቷ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ነው። የቤት ሠራተኛ ስለሆነች የምታድረውም አሠሪዋ ቤት ነው። (በተግባር ደላላው ከቤተሰብ የሚበላውን እኛም እናውቃለን፤ ሕጉ ግን እንዲህ ይላል።) ስለዚህ የሪያዱ አሠሪ ልጃችንን ከቤቷ አንሥቶ እንዲወስድና እንዲመልስ ሲገደድ፣ ግብር የተነሣለት የድሬዳዋ ፋብሪካ ግን የአውቶቡስ ቲኬት እንኳ አይጠየቅም። ወላጅ ሁለቱን ቢያወዳድርና ወደ ሪያድ ቢያዘነብል ምን ይደንቃል?

ወደ ጠረፍ አካባቢ ለሚሄድ ኩባንያ ተጨማሪ ማበረታቻ ነበረ። በደንብ 270/2005 ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል፣ ሶማሌ፣ ቦረናና ጉጂ የገባ ባለሀብት ለተከታታይ 3 ዓመት 30 በመቶ የግብር ቅናሽ ያገኝ ነበር። ምዕራብ ሐረርጌ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ለእነሱ መሰጠቱን አንመቀኝም። ፋብሪካው ወደ እኛ ካልመጣ ግን ቢያንስ የልጆቻችንን መሄጃ ይክፈል እንላለን። የግብር ነፃነቱ ማደሪያ ለሠራ፣ ሰርቪስ ላቆመ፣ ለዒድ ወደ ቤት መመለሻውን ለከፈለ ይርዘም፤ ላላደረገ ይጠር።

ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) ከምስር ሸሽተው መድየን ሲደርሱ እንግዳ ነበሩ። የሁለቱ ሴቶች አባት ሲቀጥራቸው ዘመኑን በግልጽ ነገራቸው፦ 8 ዓመት፣ ከወደዱ 10። ሊያስቸግራቸው እንደማይፈልግም ነገራቸው፤ ቤተሰቡም አደረጋቸው። ቃሉ የተነገረው ሥራው ሳይጀመር ነው።

ፋብሪካው ነገ ሊዘጋ እንደሚችልም አንርሳ። ታኅሣሥ 2014 አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ ስታስወጣ ትእዛዝ የቀረባቸው ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀነሱ። ከሩቅ የመጣችው ልጅ ያኔ በምን ትመለሳለች?

ስለዚህ ቀጣሪ ነኝ የሚል ወደ ሰፈራችሁ ሲመጣ፣ የቀበሌ ሰው ይዞ ቢመጣም፣ ሽማግሌዎችና ኢማሞቻችን ባሉበት ጠይቁት። የት ታድራለች? ኪራዩን ማን ይከፍላል? በሒጃቧ ትሠራለች? ዙህርና ዐስር የምትሰግድበት ቦታና ሰዓት አላት? ሥራው ቢቆም መመለሻዋ በማን ነው? መልሱን በውሉ ላይ ያስፍርላችሁ፤ ውሉን ልጅቷም ታንብበው፣ አንድ ቅጂም ቤት ይቅር።