የመጀመሪያው ሸክላ

የዲክሲስ ደጋ የገብስና የስንዴ አገር ነው። በመስከረም ነፋስ ማሳውን ሲያስተኛውና ሲያነሣው ባሕር ይመስላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ባሕር አይቼ ስለማላውቅ አብሬ አልመሰክርም። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለ ማሳው አይደለም። በዚያ አገር፣ በአያቴ ቤት፣ አንድ ክረምት ስለ ፈጸምኩት ስሕተትና ያን ስሕተት እንዳስተውል ስላደረገኝ አንድ ሸክላ ነው።

ስሕተቱን ላስቀድም። በአዲስ አበባ ስማር ቆይቼ ለክረምት ዕረፍት ወደ ዲክሲስ ስመለስ፣ በባትሪ የምትሠራ አነስተኛ ኪቦርድ ይዤ ነበር። ሐሳቤ ታላቅ ነበር፤ አያቴ የሚዘፍኑትን የሠርግ ዘፈን በኪቦርዱ አጅቤ «ባህላዊውን ከዘመናዊው ጋር ላዋሕድ» ተመኘሁ። ይህን ሐረግ በዚያ ወራት በየቦታው እሰማው ስለ ነበር፣ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳልጠይቅ የራሴ አድርጌው ነበር። አያቴን በአገራችን ልማድ «አኮ» እያልን እንጠራቸዋለን። በሰፈሩ ሠርግ ሲኖር ዘፈን አውጪዋ አኮ ናቸው፤ እርሳቸው ያወጣሉ፣ ሌሎቹ ሴቶች ይቀበላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ለቡና ተሰብስበው ሳሉ ኪቦርዱን በርጩማ ላይ አኖርኩና የከበሮውን ቁልፍ ተጫንኩት። መሣሪያው ዱም ታክ፣ ዱም ታክ ማለት ጀመረ። አኮ ፈገግ ብለው አወጡ። ችግሩ የተነሣው በሦስተኛው ስንኝ ላይ ነው። አኮ እዚያ ሲደርሱ አንዲቱን ቃል ሳብ አድርገው ያቆዩአታል፤ ተቀባዮቹም ዐይን ዐይናቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። ኪቦርዱ ግን አይጠብቅም። እርሳቸው ቃሉን ሳይጨርሱ ከበሮው አልፎ ሄደ፤ ከሴቶቹ ግማሾቹ ከበሮውን ተከትለው ተቀበሉ፣ ግማሾቹ አኮን ጠበቁ፤ ዘፈኑም ተበታተነ። ሁሉም ሳቁ። እንደገና ተሞከረ፤ እንደገና ተበታተነ። በሦስተኛው ጊዜ አኮ ነጠላቸውን አስተካክለው በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር አይሰማም እንዴ?» አሉኝና ወደ ቡናው ዞሩ።

ነገሩን እዚያ ላይ መተው ይገባኝ ነበር፤ አልተውኩትም። በማግስቱ የአቴቴውን ዜማ ያሰሙኝ ዘንድ ጠየቅኋቸው። አቴቴ የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ዝናብ ሲጠፋ ወይም ጠብ ሲነሣ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጥተው፣ እያዜሙ ፈጣሪን የሚለምኑበት ሥርዓት ነው። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ሲሆን፣ ሴቶች እርሱን ይዘው በሚጣሉ ሰዎች መካከል ሲገቡ ጠቡ መቆም አለበት። እንዲህ ያለውን ዜማ ነው እኔ በዱም ታክ ላጅበው ያሰብኩት! አኮ አልተቈጡም፤ ዝም አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እኔ ባለሁበት ዘፈን አላወጡም፤ በቀጣዩም ክረምት እንዲሁ። ቢቈጡኝ በተሻለኝ ነበር።

ሸክላውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። (ከዚህ በታች ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።) ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወለደ። ምሕንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ቢላክም ልቡ ወደ ሙዚቃ አዘነበለ፤ በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ በተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪቃዊ ተማሪ ሆነ። በዋናነት የሚጫወተው ቫይብራፎን ነው። ቫይብራፎን የብረት ምላሶች የተደረደሩበት፣ በመምቻ የሚመታ መሣሪያ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ምላስ ሥር ያለው ቱቦ ድምፁን ያጎላዋል።

በዚያ ዘመን ኒውዮርክ የላቲን ሙዚቃ ከተማ ነበረች። ከፖርቶሪኮ ቤተሰብ የተወለደው ቲቶ ፑዌንቴ ከበሮም ቫይብራፎንም እየተጫወተ አዳራሾቿን ያስጨፍር ነበር። ካርሎስ ሳንታና የዚህኑ ሰው ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቶ ለዓለም ያሰማው ኋላ በ1970 ነው። ሙላቱም በዚህች ከተማ በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች በራሱ ስም አወጣ። አብረውት የተጫወቱትን ቡድን «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» አለው፤ ኩዊንቴት አምስት ተጫዋቾች ያሉበት ቡድን ማለት ነው።

እነዚህ ሸክላዎች በ2018 እንደገና ታትመው ነበርና አንድ ወዳጄ አሰማኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ቅር አለኝ። ኢትዮጵያን ፍለጋ ጆሮዬን ብሰጥ የሰማሁት ኩባን ነው። የኮንጋው ከበሮ ያለማቋረጥ ይንከባለላል፤ ፒያኖው በላቲን ስልት ይመላለሳል። ከአንዱ በቀር ሁሉም ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ያ አንዱም የሚዘፈነው በስፓንኛ ነው! ይሁን እንጂ ከሥራዎቹ መካከል «መስከረም ሲጠባ» የሚል ርእስ ያለው ነበርና እርሱን መላልሼ ሰማሁት። በከበሮው ላይ ቫይብራፎኑ ሲገባ፣ እንግዳ ቤት እንደ ገባ ሰው ቀስ እያለ ነው። ወጣቱ ሙላቱ ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው እንጂ ገና አላዋሐዳቸውም ብዬ አሰብኩ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ እናንተ ሰምታችሁ ልትቃወሙኝ ትችላላችሁ።

ከዚያ በኋላ ሙላቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1972 እንደገና ኒውዮርክ ሄዶ የቀረጸው ሸክላ ስሙ እንኳ የተለየ ነው፤ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ይባላል። በዚህኛው የቤቱ ባለቤት ቅኝቱ ነው፤ የላቲኑ ከበሮ በእንግድነት ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል ያለፉት ስድስት ዓመታት ናቸው የእኔን ኪቦርድ ያስታወሱኝ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እነዚህ ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ናቸው፤ በበርክሊ የሚማሩት አጃቢ ስምምነት ግን በአሥራ ሁለት ድምፆች የሚሠራ ነው። አሥራ ሁለቱ በአምስቱ ላይ ያለ ጥንቃቄ ቢጫኑበት የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋል፤ ዜማው ትዝታ መሆኑ ቀርቶ ማንም የማያውቀው ነገር ይሆናል። ሙላቱ በቃለ ምልልሶቹ ደጋግሞ የሚያስገነዝበው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው። በደቡብ የሚኖሩትን የደራሼን የቀርከሃ ዋሽንት ነፊዎችም እንደ ሊቃውንት እየቈጠረ ያነሣቸዋል፤ ከእነርሱ ለመማር እንጂ እነርሱን ለማሻሻል አልተነሣም። በ1974 ያወጣው «የካቲት» የተባለው ሸክላ፣ በ2005 ዜማዎቹ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብተው በዓለም መሰማታቸው፣ በ2012 በርክሊ የክብር ዶክትሬት መስጠቱ፣ ይህ ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም።

በሦስተኛው ክረምት ወደ ዲክሲስ የሄድኩት ባዶ እጄን ነው። የጎረቤት ልጅ ተድራ ሴቶቹ ማታ ማታ ይዘፍኑ ነበር፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ሁለት ምሽት ሙሉ ጭብጨባዬ ከእነርሱ ጋር አልገጥም አለ። እነርሱ ሦስት ሦስት እየከፈሉ ሲያጨበጭቡ እኔ የያዝኩት የኪቦርዱን ዱም ታክ ኖሯል። አንዲት ሴት እጄን ይዛ አስተካከለችልኝ፤ ሴቶቹም እንደ ልማዳቸው ሳቁ።

በሦስተኛው ምሽት አኮ አወጡ፤ እኔም ነበርኩ። ሲያበቁ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ያ የማይሰማው ነገርህስ?» አሉኝ። አዲስ አበባ እንደ ተውኩት ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «በሚቀጥለው ይዘኸው ና፤ ከበሮውን ግን ዝም አሰኝልኝ» አሉ።

እስካሁን አልወሰድኩላቸውም። በሦስተኛው ስንኝ ላይ ያችን ቃል ምን ያህል እንደሚያቆዩአት ገና በደንብ አልያዝኩትም።