የአባትዎ ሰንጢ የት ነው?

እስኪ ቤትዎ ያለውን አሮጌ ሳጥን ወይም የኮሞዲኖ መሳቢያ ይክፈቱት። ከቆመ የእጅ ሰዓትና ከተሰበረ መነጽር ሥር እጀታው ከአጥንት ወይም ከቀንድ የተሠራ ታጣፊ ሰንጢ ሊያገኙ ይችላሉ። ብዙ ሰው «የአባቴ ነበር» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ አለዚያም ከላስቲክና ከቆርቆሮ ጋር ደርቦ ለቆራሌው ይሰጠዋል። እኔ ደግሞ እነዚህን ነው የምሰበስበው።

ለዚህ ሥራ ድሬዳዋ የተመቸች ከተማ ናት። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ የባሕር ማዶ ዕቃ የሚራገፍባት ጣቢያ ሆና ኖራለች። ስለዚህ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ የፈረንሳይ ላጊዮልም ሆነ የእንግሊዝ ሼፊልድ ሰንጢ ቢገኝ አይገርምም። ስለቱ ሥር ኮከብና መስቀል ተቀርጾበት ካዩ በሼፊልድ ስመ ጥር የነበረው የጆሴፍ ሮጀርስ ምልክት ነው። እጀታው የከብት አጥንት ከሆነ ብዙ ጊዜ በመሣሪያ እየተቦረቦረ የአጋዘን ቀንድ እንዲመስል ይደረግ ነበር።

ልቤ የሚያደላው ግን ለአገር ቤቱ ነው። የአፋሩን ቆልማማ ጊሌ ያውቁታል። በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎችም፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ጎን ለጎን በሚነገርባት ዋሂል ጭምር፣ በሰገባ ሆኖ ወገብ ላይ የሚታሰር ቢላዋ አለ። አይታጠፍም፣ ሞላ የለውም፤ እጀታው ላይ ግን ሠሪው የተጠበበበት ይታያል። አንድ ዋሂል ያየሁት ቢላዋ የአጥንት እጀታው ዙሪያውን በትናንሽ ክቦች ተሞልቶ፣ በየክቡ መሃል አንዳንድ ነጥብ ነበረበት። ጥቁሩ ቀለም ቅርጹ ውስጥ ገብቶ ከእጅ ወዝ ጋር ተዋህዷል።

ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። ዋጋ ስጠይቃቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄን ብሸጥልሽ ነገ ሥጋ በምን እቆርጣለሁ?» አሉኝ። ከዚያ በዚያ ቢላዋ የታረደውን የሠርጋቸውን በግ፣ እጀታው ወልቆ ሁለት ጊዜ እንደገና መቸንከሩን፣ አባታቸው የሞቱ ዕለት ከትራሳቸው ሥር መገኘቱን አጫወቱኝ። «ማን ሠራው?» ስላቸው ግን ዝም አሉ። «አንድ ጡምቱ ነዋ» አሉ በመጨረሻ። ጡምቱ በኦሮምኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ በሶማልኛ ቱማል ይባላል። ስሙን አያውቁትም።

ይህ መልስ በሄድኩበት ሁሉ ይገጥመኛል። ሰው የበጉን መልክ ያስታውሳል፤ የቀጥቃጩን ስም አያስታውስም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማረሻውን፣ መጥረቢያውንና ቢላዋውን የሠራልንን ሰው «ቡዳ ነው» ብለን ስንሸሽ፣ ልጃችንን ለልጁ አንድርም ስንል ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ልማዱ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ስለዚህ አንድ ቢላዋ ስገዛ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው የሠሪውን ስም፣ ቀዬውንና የሚያውቀው ዘመድ መኖሩን ነው። መልሱን በደብተር እጽፋለሁ። የአዛውንቱን ቢላዋ አልገዛሁትም። ፎቶውና ታሪኩ ደብተሬ ውስጥ አለ፤ የሠሪው ስም የሚጻፍበት መስመር ግን እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

እርስዎም መሰብሰብ ካሰቡ ጥቂት ነገር ልንገርዎ። መጀመሪያ አጥንትን ከዝሆን ጥርስ ይለዩ። አጥንት በማጉያ መነጽር ሲታይ ደም ሥር ያለፈባቸው ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ጉድጓዶችና ጭረቶች አሉት፤ የዝሆን ጥርስ አግድም ሲቆረጥ ግን እርስ በርስ የሚቋረጡ ጥምዝ መስመሮች ያሳያል። የዝሆን ጥርስ ከሆነ አይግዙ። የባቢሌ ዝሆኖች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ገዢ ሲኖር ነው የሚገደሉት።

በጋለ መርፌ ወግተው ለመለየት አይሞክሩ። አንዳንድ አሮጌ እጀታ አጥንት የሚመስል ሴሉሎይድ ነው፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ሲያረጅም የሚያወጣው ትነት አብሮት የተቀመጠውን ብረት ስለሚያዝግ ለብቻው ያኑሩት።

የአጥንት እጀታ ሙቅ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ ያብጣል፣ ሲደርቅም ችንካሩ ጋ ይሰነጠቃል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ስለቱን ስስ ዘይት ይቀቡት። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ ከተው ለረጅም ጊዜ አያስቀምጡት። እስኪያብለጨልጭም አይፈትጉት፤ ያ ጠቆር ያለ መልኩ ዕድሜው ነው። ልጆች ካሉ ደግሞ ቦታው የሚቆለፍ ሳጥን ነው።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ ስጦታ ሊልኩ ካሰቡ መጀመሪያ ባለሥልጣኑን ይጠይቁ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት እንደማይቻል አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደንግጓል።

ሐረር ሲሄዱ ልጆችዎን ይዘው ራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ይጎብኙ። የአንድ ከተማ ታሪክ ከየቤቱ በተለቀመ ዕቃ እንዴት እንደሚቆም ያዩበታል።

ከሁሉ በፊት ግን ያን መሳቢያ ይክፈቱ። አባትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉ ሰንጢውን እጃቸው ላይ አድርገው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው ወይም እንደሸጠው፣ ምን እንደቆረጡበት ይጠይቋቸው። የነገሩዎትን በወረቀት ጽፈው፣ ቀኑን ጨምረው፣ ከሰንጢው ጋር ያስቀምጡት። ልጆችዎ ሰንጢውን ሲያገኙት የሚያነቡት ይኑራቸው።