ከሾላ እስከ እንጦጦ፦ ምሰሶው ቆሞ መሃሉ ሲቀየር

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ሾላ ገበያ ገና አልሞቀም፤ ሽንኩርት ከጆንያ ይዘረገፋል፣ ታክሲ ረዳቶች «መገናኛ! መገናኛ!» ይላሉ። ከትምህርት ቤት አጥር ወዲያ የተማሪዎች መዝሙር ሲሰማ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ቆሙ። አጠገባቸው የነበረው ወጣት ስልኩን እያየ አለፋቸው። እሳቸው ከቆሙበት ባንዲራው አይታይም፤ የቆሙት ለድምፁ ነው። መዝሙሩ ሲያልቅ ባርኔጣቸውን ደፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔም ጉዞዬን የጀመርኩት ከዚያ ነው። ሰንደቅ ማለት መስቀያው እንጨት ነው፤ ዓላማ ደግሞ ምልክቱ። ስለ ምልክቱ ብዙ ሰው ይከራከራል፣ መስቀያውን ግን የሚያየው የለም። ስለዚህ ዛሬ የየካን ምሰሶዎች እያየሁ ወደ እንጦጦ ልወጣ ነው።

ከሾላ ወደ የካ ሚካኤል፣ ከዚያም ወደ ቀበና የሚወስደው መንገድ የደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ስም አለው። እኚህ አርበኛ በ1928 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ከፋሺስት እጅ ለማስለቀቅ ከዘመቱት አንዱ ናቸው። በስማቸው በተሰየመው መንገድ ዳር ዛሬ የሚውለበለቡት በአብዛኛው የሰው አገር ባንዲራዎች ናቸው። ነገሩ ግር ቢልም ምክንያት አለው። ከዓድዋ ድል በኋላ የኃያላን መንግሥታት መልእክተኞች እየተከታተሉ ሲመጡ፣ አፄ ምኒልክ ለሌጋሲዮን የሚሆን ሰፋፊ መሬት በዚሁ በእንጦጦ ግርጌ ሰጧቸው። የእኛ ሦስት ቀለማት፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ፣ በአንድ ባለ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ ተያይዘው የመንግሥት ሰንደቅ ዓላማ የሆኑትም በዚያው ሰሞን፣ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ቀለማቱ በየፊናቸው እንደ ረዥም ጥብጣብ ይውለበለቡ ነበር። እንግዳው የራሱን ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ባለቤቱም የራሱን ቅርጽ ማስያዙ የሚገጣጠም ነገር ይመስለኛል።

የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ጫካ ነው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከከተማው ወጥተው ዘረፋ ሲነሣ ብዙ የውጭ ዜጎች የተጠለሉት እዚህ ነበር፤ ሲክ ወታደሮች አጥሩን ይጠብቁ ነበር። በዚህ ምሰሶ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ያው ጨርቅ ተሰቅሏል። የሩሲያ ግን ሌላ ታሪክ አለው። መጀመሪያ የቄሣሩ ነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ መጣ፤ ቀጥሎ መዶሻና ማጭድ ያለበት ቀይ፤ በ1984 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ደግሞ የቄሣሩ ተመለሰ። ከቀበና በላይ ያሉት ጀርመኖችም ከአንድ በላይ ባንዲራ አሳልፈዋል።

ጣሊያን ዘንድ ስደርስ ቆም አልኩ። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ። ዓይን ለአፍታ ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ ከእኛ የሚለየው መካከለኛው ቀለምና አሰላለፉ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ በዚህ ባንዲራ መሃል የንጉሣቸው ቤተሰብ አርማ ነበረበት። ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያኖች ዘውዱን ሲያስወግዱ አርማውን አንሥተው ልሙጡን አስቀሩት። እኛ ደግሞ «ባንዲራ» የሚለውን ቃላቸውን አስቀርተናል። ድል ያደረግነው አገር ቃል ዛሬ የምንወደው ነገር መጠሪያ ሆኖ በየልጁ አፍ አለ።

የኛስ መሃል? በንጉሡ ዘመን ዘውድ የደፋ፣ መስቀል ያለበት በትር የያዘ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ነበረበት። ከ1967ቱ ለውጥ በኋላ አንበሳው ዘውዱን ተነጠቀ፤ መስቀሉም በጦር ጫፍ ተተካ። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲመሠረት ሌላ አርማ መጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሃል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ሆኖ መካከሉ ላይ አርማ እንዲኖር ደነገገ፤ በ1988 ዓ.ም. ሰማያዊ ክብ ላይ ቢጫ ኮከብ ገባበት። እንደ 2001ዱ አዋጅ ሰማያዊው ሰላምን፣ ኮከቡ በመፈቃቀድ የተመሠረተ አንድነትን፣ ጨረሩ ብሩህ ተስፋን ያመለክታል። ልሙጡን መጠቀም ደግሞ ክልክል ነው።

ሽሮ ሜዳ ላይ አዋጁን የሚያነብ የለም። ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ ሸማው ተንጠልጥሎ አጥር ሆኗል፤ በብዙው ጥበብ ላይ ሦስቱ ቀለም ይሮጣል። «ኮከብ ያለበት ጥለት አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጯ ሳቀች፦ «ወንድሜ፣ ጥለት ላይ ኮከብ ማን ይሸምናል? መስመር ነው እንጂ!» የሻጯ መልስ ቴክኒካዊ ነው። በመወርወሪያ የሚወጣው መስመር ነው፤ አርማ የሚጨመረው ኋላ፣ በሌላ እጅ ነው። ጋናም በ1957 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ከእኛ የወሰደችው መስመሩን ነው፤ ጥቁሩን ኮከብ ራሷ ጨመረችበት። ከእሷ በኋላ ብዙ የአፍሪካ አገሮች እነዚህኑ ቀለማት በየራሳቸው አሰላለፍ ሰቅለዋል።

ከዚያ ዳገቱ ነው። ባሕር ዛፉ ይሸታል፤ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። እንጦጦ ማርያም ባለ ስምንት ማዕዘን ናት። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት እዚህ ነው፤ በግቢው ሙዚየም የዘመኑ አልባሳትና ቅርሶች ተቀምጠዋል። በአጥሩ ጥግ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ አንድ አባት ስለ ቀለማቱ ስጠይቃቸው «ቀስተ ደመና ናት፤ የኖኅ ኪዳን» አሉኝ። አዋጁ አረንጓዴውን ሥራ፣ ልምላሜና ልማት፣ ቢጫውን ተስፋ፣ ፍትሕና እኩልነት፣ ቀዩን መሥዋዕትነትና ጀግንነት ይለዋል። ሁለቱም ስለ አንድ ጨርቅ ነው የሚያወሩት፤ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ መሬት እያየ።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማውን ሰቅለው፣ ጎጃምን አቋርጠው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገቡት በዚህ በእንጦጦ በኩል ነው። ፋሺስት ከገባበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ልክ አምስት ዓመት። ያኔ በመሃሉ የነበረው ዘውድ የደፋ አንበሳ ዛሬ በቦታው የለም።

ቁልቁል ስመለስ ቀኑ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ተጠግቷል። አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ የጥበቃ ሠራተኛው ባንዲራውን ሲያወርዱ ደረስኩ። መሬት እንዳይነካ በአንድ እጃቸው ታቅፈው፣ አንዴ በቁመቱ፣ ሁለቴ በወርዱ አጠፉት። ኮከቡ ወደ ውስጥ ገባ፤ በላይ የቀረው አረንጓዴው ነው። በብብታቸው ይዘው ገቡ። ምሰሶው ባዶውን ቆሞ ቀረ፤ የነገን ጠዋት ይጠብቃል።