አንድ ሰከንድ

የፈተናው ጥያቄ ዛሬም አልጠፋኝም። ከ15 ሜትር ፎቅ ጫፍ ላይ ኳስ በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ ተወረወረ፤ የስበት አክሰለሬሽን 10 ይሁን፤ ኳሱ መሬት እስኪነካ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?

ፎርሙላውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣው ነበር። ቁጥሮቹን በየቦታቸው ሰካሁ፣ ሁሉንም ፖዘቲቭ አድርጌ። 1 ሰከንድ ወጣልኝ። ከምርጫዎቹ ውስጥም 1 ሰከንድ ነበረች። ደስ ብሎኝ አጠቆርኳት።

ያንገበገበኝ ሳላውቅ መሳሳቴ አይደለም። ሊያሳየኝ የፈለገ ሰው ነበረኝ። 11ኛ ክፍል ሳለን የፊዚክስ መምህራችን ጠመኔ ወደ ላይ ወርውረው፣ “ጫፍ ላይ ስትደርስ አክሰለሬሽኗ ስንት ነው?” አሉን። “ዜሮ!” አልን፣ ክፍሉ በሙሉ። “ዜሮ ከሆነማ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥላ አትቀርም ነበር?” አሉና ጎንበስ ብለው ጠመኔዋን ከወለሉ አነሱ። ዜሮ የሆነው ቬሎሲቲዋ ነው፤ ስበቱ ግን ለቅጽበት እንኳ አልለቀቃትም። “ቅዳሜ ጠዋት ኑ። ገንዘብ አልጠይቅም። ቁጥር ሳንነካ እንስላለን” አሉን።

አልሄድኩም። ሴሚስተሩን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ከሦስት አራት ልጆች ጋር ይቀመጡ ነበር፤ እኔ ቤቴ ሾርት ኖት እገለብጣለሁ። አንድ ቀን በር ላይ አግኝተውኝ፣ “ልጄ፣ አንተ ትችላለህ፤ ግን ትቸኩላለህ” አሉኝ። “ፎርሙላውን ይዤዋለሁ፣ መምህር” አልኳቸው። ይህችን መልሴን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ከዓመታት በኋላ ስለ ጋሊሊዮ አነበብኩ። የሚወድቅ ነገር ቶሎ ስለሚያመልጥ፣ ኳሱን በተዳፋት እንጨት ላይ እያንከባለለ አዘግይቶ፣ ጊዜውንም በቀጭኑ የሚፈስ ውኃ እየመዘነ ለካው። ያ ሁሉ ትዕግሥት ለማየት ነው። ለእኔ ግን በነጻ፣ በአማርኛ፣ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ቀርቦልኝ ነበር!

የፈተናው ዕለት ስንወጣ፣ ቅዳሜ ከሚሄዱት ልጆች አንዱን መልሱን ጠየቅኩት። “3” አለኝ። ተከራከርኩት። ቁጢጥ ብሎ በጭራሮ አፈሩ ላይ ፎቁን ሳለ። ከፎቁ ጫፍ ወደ ላይ መስመር አወጣ፤ ከዚያም አጥፎ እስከ መሬት አወረደው። ኳሱ ሽቅብ ሲሄድ ስበቱ ቁልቁል ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ምልክታቸው ይለያያል። በየሰከንዱ 10 እየተቀነሰበት በ1 ሰከንድ 5 ሜትር ወጥቶ ይቆማል፤ ከዚያ 20 ሜትሩን ለመውረድ 2 ሰከንድ። እኔ መሬት ወደቀ ያልኩት ኳስ ገና መውረድ አልጀመረም ነበር።

“አንድ ሰከንድማ እዚህ ነው” አለኝ፣ በጭራሮው የመስመሩን ጫፍ እየነካ።

ጠመኔዋ ትዝ አለችኝ።

“ቅዳሜ ቅዳሜ የምትስሉት ይህን ነበር?” አልኩት።

“ይህንኑ ነው” አለኝ።